በጣባ ውስጥ ስለሚኖር ዛፍ

ሰው ሕያው ፍጥረትን እንደ ወደደ ሊያሳንሰው ይገባዋልን? ትንንሽ ዛፎችን የሚያሳድጉ ሰዎች በማኅበር ሆነው ሥራቸውን ለሕዝብ በሚያሳዩበት ስፍራ ሁሉ ይህ ጥያቄ ይነሣል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ዛፍ ቦንሳይ ይሉታል፤ ትርጓሜውም በሳሕን የተተከለ ማለት ነው። ጥበቡ ከቻይና ተነሥቶ ወደ ጃፓን የተሻገረ ሲሆን፣ ኮኩፉ የተባለው ታላቅ ትርኢት በቶኪዮ ከተማ በኡኤኖ በ1934 ተጀመረ፤ እዚህ የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዛፉ በተፈጥሮው ድንክ አይደለም። ዘሩን ወስደው በሜዳ ቢዘሩት እንደ ወገኖቹ ይረዝማል። ያሳነሰው የሰው እጅ ነው፤ ቅርንጫፉ ይቈረጣል፣ በሽቦ ተጠምዝዞ ይጐብጣል፣ በየጥቂት ዓመቱም ከጣባው ወጥቶ ሥሩ ይከረከማል። ይህን የሰማ የአርሲ ገበሬ «ምን በደለ?» ቢል አይፈረድበትም። ጌታችን ስለ ወይን ግንድ ባስተማረው ምሳሌ ገበሬው ቅርንጫፉን የሚገርዘው ስለ ፍሬ ነው፤ ይህኛው ግን ለማዕድ ፍሬ፣ ለመንገደኛ ጥላ፣ ለምድጃም ማገዶ አይሆንም። ለዐይን ደስታ ብቻ ሕያውን ማሰር ግፍ ይመስላል።

ነገር ግን ከመፍረድ በፊት ከአርቦዬ እስከ አሰላ ያለውን የአርሲን ደጋ መመልከት መልካም ነው። መንጋ በሚውልበት ሜዳ ቁመቱ ከጕልበት የማያልፍ ወይራ ይገኛል። ፍየል ለጋውን በበላች ቍጥር እንደ ገና ያቈጠቍጣል፤ ዕድሜው ከእረኛው ሊበልጥ ይችላል፣ ቁመቱ ግን ከጥጃ በታች ነው። በጭላሎ ተራራም አስታ ከታች ዛፍ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ላይ በወጡ መጠን ብርዱና ነፋሱ ቍጥቋጦ ያደርገዋል። እንግዲህ ማሳነስ ብቻ ከታየ ፍየልም ውርጭም ባለ ጥበብ ሊባሉ ነው!

ልዩነቱ ከመቀሱ በኋላ ባለው ነገር ነው። ፍየሏ በልታ ትሄዳለች። በጣባ ያለው ዛፍ ግን አፈሩ ጥቂት ነውና በሐሩር ወራት ጥቂት ቀን ውሃ ቢጓደልበት ይሞታል። ስለዚህ የቈረጠው ሰው በዚያው ቀን ባለ ዕዳ ይሆናል፤ ሥሩ ወደ ጥልቅ እንዳይወርድ የከለከለ ሁሉ ጥልቁ ይሰጠው የነበረውን ውሃ በእጁ ሊያመጣለት ግድ ነው። ሽቦውም በጊዜው ካልተፈታ ልጡን ያቈስላል። አዳም በገነት የተሾመው ለሥራም ለጥበቃም ነበር፤ ብዙ ሰው ግን ሥራውን ይወድና ጥበቃውን ይተዋል።

ዕዳው በአንድ ሰው ዕድሜም አያልቅም። በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ ከ1625 ጀምሮ ሲጠበቅ የኖረ የጃፓን ነጭ ጥድ አለ። የያማኪ ቤተ ሰብ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፈው ኖሮ፣ በ1945 በሂሮሺማ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በግንብ ጀርባ ስለ ነበረ ተረፈ። በ1976 የአሜሪካ 200ኛ የነጻነት ዓመት ሲከበር ማሳሩ ያማኪ ይህንኑ ዛፍ ቦምቡን ለጣለው አገር ስጦታ አድርገው ሰጡ። ከሂሮሺማ መትረፉ በዚያ የታወቀው ግን በ2001 የልጅ ልጆቻቸው ሊያዩት በመጡ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ 25 ዓመት ሙሉ ተመልካች በፊቱ ሲያልፍ ያማረ ዛፍ ብቻ ያይ ነበር።

ወደ እንዲህ ያለ ትርኢት የሚገባ ሰው ስለ ቅርጹ ከማድነቁ ወይም ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት፣ ማን እንዳጠጣውና ባለቤቱ በታመመ ጊዜ ማን እንደ ተካው ቢጠይቅ ብዙ ይማራል። ጥያቄው ለአገር ቤትም ይጠቅማል። በ2019 ክረምት በኢትዮጵያ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን የሚበልጥ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታወቀ፤ የመትከያው ቀን ዘፈንና ፎቶግራፍ አለው፣ የማጠጫው ቀን ግን ተመልካች የለውም። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የቆመው ጥድና ወይራ ማንም በእንስራ ውሃ ሳያመላልስለት ይህን ያህል የገዘፈው፣ መጥረቢያና መንጋ እንዳይገባበት ትውልድ በየተራው ስለ ጠበቀው ነው።

ፍየል ያሳነሰችው ያ የሜዳ ወይራ እንኳ በእሾህ ቢታጠር፣ ከጊዜ በኋላ አፏ ከማይደርስበት ያልፋል። እሾሁ ግን ክረምት በመጣ ቍጥር ይበሰብሳልና አጣሪው እንደ ገና መመለስ አለበት።