ሕፃኑ የማያስታውሰው ቀን

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርዶ ራስ መኮንን ድልድይን ከተሻገረ በኋላ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ለጎልማሳ እግር ቅርብ ነው፤ ወፌ ቆመች ከተባለለት ጥቂት ወራት ለሆነው ሕፃን ግን የአንድ ሙሉ ጠዋት ጉዞ ነው።

በዚህ መንገድ እሑድ ጠዋት የሚጓዝ አንድ ቤተሰብ ይታሰብ፤ አባት፣ እናት፣ የአባት እናትና ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ። የቀኑ ዕቅድ በአዲስ አበባ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጊዮርጊስን ተሳልሞ፣ የዳግማዊ ምኒልክን ሐውልት ለልጁ አሳይቶ፣ ኬክ በልቶ መመለስ። ልጁ ግን ዕቅዱን አያውቅም። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ቁልቁል ውሃውን ያያል፤ በጣቱ ያመለክታል፤ ቢጎትቱትም አይነቃነቅም። እናት አጠገቡ ቁጢጥ ትላለች። አያትም ይቆማሉ፤ እሳቸው ግን የሚመለከቱት ውሃውን ሳይሆን ቀድሞ ቤቶች የነበሩበትን ዳገት ነው። ልጁ ያለውን ያያል፤ አያቱ የነበረውን ያያሉ። አባት ብቻ ሰዓቱን ተመልክቶ፣ «ይህን ሁሉ ብንደክምለት ምን ዋጋ አለው? ሲያድግ አንዱንም አያስታውሰውም» ይላል።

የአባት ቃል ከችኮላ የመጣ ይሁን እንጂ በውስጡ የያዘው ጥያቄ ቀላል አይደለም። ተቀባዩ የማያስታውሰው በጎ ሥራ ዋጋው ምንድን ነው? የሚቆጥረውስ ማን ነው?

እውነታው በመጀመሪያ እይታ አባትን የሚደግፍ ይመስላል። አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመት ዕድሜው በፊት ያሳለፈውን ድርጊት መልሶ ለማስታወስ እንደማይችል በሥነ ልቦና ጥናት የታወቀ ነው፤ ሲግመንድ ፍሮይድም እ.ኤ.አ. በ1905 ባወጣው ጽሑፍ ይህን መርሳት ምርምር የሚገባው ጥያቄ አድርጎ አቅርቦታል። ከእርሱ 1500 ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር የተወለደው አፍሪካዊው አሳቢ አውግስጢኖስ፣ «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ ሕፃንነቱን የሚያውቀው ከሌሎች በመስማትና ሌሎች ሕፃናትን በማየት እንጂ በራሱ ትዝታ እንዳልሆነ ጽፏል፤ ስለዚህም ያን ዘመን የሕይወቱ ክፍል አድርጎ ለመቁጠር አመንትቷል።

ዳሩ ግን መርሳት ማለት አለማግኘት ማለት አይደለም። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የመጀመሪያ ቃል ማን፣ የትና መቼ እንዳስተማረው የሚያስታውስ ሰው የለም፤ ይሁንና ይናገራል። መጀመሪያ ሲወድቅ ማን እንዳነሣው የሚያስታውስም የለም፤ ይሁንና ቆሞ ይሄዳል። ትዝታው ጠፍቶ ፍሬው ቀርቷል። ደግሞስ ቀኑ ለነገ ምንም ባያተርፍ እንኳ ለልጁ ዛሬ አይደለምን? ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1762 በታተመው «ኤሚል» በተባለው መጽሐፉ፣ እርግጠኛ ላልሆነ ነገ ሲባል የልጅን ዛሬ መሥዋዕት የሚያደርገውን አስተዳደግ አጥብቆ ነቅፏል። ይህን ያለው ሰው ግን የገዛ አምስት ልጆቹን በየተወለዱበት ለሕፃናት ማሳደጊያ አስረክቧል። ሕፃናቱ አባታቸውን ሊያስታውሱት አይችሉም ነበር፤ አለማስታወሳቸው ግን የአባትየውን ዕዳ አልሰረዘለትም። እንግዲህ ለማያስታውስ ሰው የሚደረግ በጎነት ምስጋና የማይጠበቅበት ስለሆነ ንጹሕ ነው፤ በማያስታውስ ሰው ላይ የሚፈጸም በደልም ተበዳዩ ሊመሰክር ስለማይችል ይበልጥ ይከብዳል።

አያት ለልጃቸው የሚሰጡት መልስ ወደዚሁ ወደ ምስክር ጉዳይ ያመራል። «አንተስ ታስታውሳለህ?» ይሉታል። «እዚሁ ድልድይ ላይ አዝዬህ ስሻገር አንድ እግር ጫማህን ወደ ወንዙ ወርውረህብኝ፣ የጎረቤታችን ልጅ ወርዶ አወጣልኝ። ሌላ ጫማ አልነበረህም።»

አባት ይህን ታሪክ ሰምቶት አያውቅም። የእርሱ የሆነ አንድ ቀን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሌላ ሰው ዘንድ ተቀምጦ ኖሯል።

በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አለው፤ አደራ ይባላል። የሰው የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በባለቤታቸው እጅ አይደሉም። ከእናት፣ ከአያት፣ ቡና ከሚጠራሩ ጎረቤቶች፣ ከማዕዘኑ ባለሱቅ ዘንድ ቁራሽ ቁራሽ ሆነው ተቀምጠዋል። ከድልድዩ ብዙ ሳይርቅ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ሰሚ ያጣ ጩኸት ማለት ነው። ሰፈር የተባለው ነገር ግን በመሠረቱ የዚህ ስም ተቃራኒ ነው፤ ሕፃን ቢያለቅስ ከሦስት ቤት «ምን ሆነ?» የሚባልበት፣ ከሃያ ዓመትም በኋላ «ያኔ እንዲህ ሆነህ ነበር» የሚል ሰው የማይታጣበት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በፒያሳና በአካባቢው የነበሩ በርካታ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛውረዋል። ነገሩን በአንድ ዓይን ብቻ ማየት ፍትሕ አይሆንም። ሕፃን ያለ ሥጋት ሊንገዳገድበት የሚችል ሰፊ የእግረኛ መንገድ በጎ ነገር ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስ ቤትን እንደ ቅርስ ማወደስም እዚያ ላላደረ ሰው ይቀለዋል። ሆኖም ጎረቤት ሲበተን የሚፈርሰው ግድግዳ ብቻ አይደለም። ጫማውን ከወንዝ ያወጣው ልጅ ዛሬ የት እንደሚኖር አያት አያውቁም። ለቤት ካሳ ይተመናል፤ ለምስክር ግን ተመን አልተገኘለትም።

አገር ታላላቅ ትዝታዋን በነሐስና በድንጋይ ታስቀምጣለች። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልት ፋሺስቶች በወረራቸው ዘመን ቢያነሡትም ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው በ2016 ዓ.ም. እዚያው ፒያሳ ተመርቋል። ለአንድ ሕፃን እሑድ ግን ሐውልት አይቆምም። የእርሱ ሐውልት ያየው ሰው ነው።

ከዚህም የተነሣ አደራው የወላጅ ብቻ አይሆንም። ከተማ የሚያቅደው ባለሙያ መንገድ ሲያሰፋ ጎረቤታሞች አብረው የሚዛወሩበትን መላ ቢሻ፣ መምህሩ ተማሪዎቹን ስለ ሕፃንነታቸው አያቶቻቸውን ጠይቀው እንዲጽፉ ቢያዝ፣ ጸሐፌ ተውኔቱም ከነገሥታቱ አዳራሽ ወጥቶ የጫማውን ታሪክ ቢሰማ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ቀን ጠበቀ ማለት ነው።

ድልድዩ ላይ አባት በመጨረሻ ሰዓቱን ትቶ ከልጁ ጎን ቁጢጥ ይላል። ትንሿ ጣት ወደምታመለክተው አቅጣጫ ይመለከታል። ውሃው ይዞት የመጣና ድንጋይ የያዘው ቢጫ ጀሪካን ነው። ልጁ ይስቃል። ነገ ይረሳዋል። ጀሪካኑን የማስታወሱ ተራ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የአባት ነው።