ሊበላ የሚሄድ መድኃኒት

ብርድ በጸናበት በመካነ ሰላም ደጋ ሆኖ ስለ ካላዛር ማሰብ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ቤቷ ቆላው፣ የመተማና የሁመራው ጥቁር መሬት ስንጥቅና የግራሩ ሥር ነውና። ነገር ግን የወሎ ደጋ ልጅ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደዚያ ይወርዳል፤ ማታ ሜዳ ላይ በተኛበት ትነድፈዋለች፤ ከላቡ ዋጋ ጋር ያልቆጠረውን ተሸክሞ ይመለሳል። ውሎ አድሮ ትኩሳቱ አልለቅ ይላል፤ ሰውነቱ ሁሉ ሲመነምን የሚያብጠው ጣፊያው ነው።

የካላዛር ተውሳክ መሸሸጊያ ዘወትር ያስደንቀኛል፤ ወራሪን እንዲበሉ በተፈጠሩት ሕዋሳት ሆድ ውስጥ፣ በጣፊያና በጉበት፣ በጠባቂው አንጀት ተመችቶት ይራባል። አምፎቴሪሲን ቢ ይገድለዋል፤ ይህ ከቬንዙዌላ አፈር ከተገኘ ባክቴሪያ የወጣ መድኃኒት ግን ዕርቃኑን ደም ሥር ሲገባ ሰውን ያንዘፈዝፋል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። ያው መድኃኒት፣ በባሕርዩ ምንም ሳይለወጥ፣ ከ100 ናኖሜትር ባነሰች የስብ እንክብል ሲጠቀለል ገራም ይሆናል፤ እነዚያው በላተኛ ሕዋሳት ባዕድ ነገር አየን ብለው ይውጡታል፣ እሱም ተውሳኩ ወዳለበት ጓዳ በራሳቸው አፍ ይገባል። መዳን በመበላት በኩል እንዲመጣ ማን አሰበው?

እንክብሏ መንገዷን የምታገኘው ግን በመጠኗ ነው፤ ከፋብሪካ የሚወጣውም ትልቅና ትንሽ የተደባለቀበት ነው፤ ዛሬ በፖሊመር የሚሠሩትማ ቅርጻቸውም ይለያያል። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። አውድማ ላይ ገበሬው በመንሽ ሲበትነው ነፋሱ እብቁን ከፍሬው እንደሚለይ፣ ኬሚስቱ ካልቪን ጊዲንግስ እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ዘዴም በስስ ቦይ ውስጥ በሚፈስ ፈሳሽ ላይ ሌላ ግፊት ያመጣል፤ ሁሉም ወደ አንዱ ግድግዳ ይገፋሉ፣ ትንንሾቹ ግን ቀጥ ብለው መቆም አይሆንላቸውምና ተንሳፈው ፈጣኑ መሐል ይደርሳሉ፣ ቀድመውም ይወጣሉ፤ ትልልቆቹ ዝግ ያለውን ዳር ይዘው ይከተላሉ። ቦዩ ባዶ ነው፤ የሚጋጩበት ነገር ስለሌለ ስሶቹ እንኳ እምብዛም ሳይሰበሩ ያልፋሉ። መውጫው ላይ ብርሃን ይፈነጠቅባቸዋል፤ ከአበታተኑም መጠናቸው ይነበባል። ያልታየ ነገር እንዲህ በትዕግሥት መለካቱ ለእኔ ከፍቅር ሥራ ብዙም አይርቅም፤ ለካኪው ያን የሰሊጥ አራሚ አይቶት ባያውቅም።

በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ማዕከልም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች አብዛኛው ሕመምተኛ የሚታከመው ለ17 ቀን በሚወጉ ሁለት ሌሎች መድኃኒቶች ነው፤ አንደኛው አንቲሞኒ ያለበት ነው። የተጠቀለለው ለነፍሰ ጡሯ፣ እጅግ ለደከመው፣ ኤች አይ ቪ ስላለበት ካላዛሩ ደጋግሞ ለሚያገረሽበት ሰው ይቀመጣል፤ የአንቲሞኒውን መርፌ የማይችለው ገላ የእነሱ ነውና።