ያልተደመጠ ሸክላ

አንድን ነገር መውደድ ምን ማለት ነው? ጠብቆ ማኖር ወይስ መገልገል? ጥያቄው ለፈላስፎች የተተወ ይመስል ይሆናል። እኔን ግን የገጠመኝ በገዛ ቤቴ፣ በአንዲት አሮጌ ሸክላ ምክንያት ነው።

ሸክላ ስል የሙዚቃውን ማለቴ ነው። አባቴ በካርቶን አድርጎ ካስቀመጣቸው ጥቂት ሸክላዎች የጀመረው ፍቅር ዛሬ አንድ ሙሉ ግድግዳ ይዟል። ቅዳሜ ሲመጣ ምናለሽ ተራ ወርጄ፣ ከአሮጌ ብረታ ብረትና ከተሰበረ ሬዲዮ መካከል አቧራ የጠጣ ሸክላ ስፈልግ እውላለሁ። ልክፍቱ ያልያዘው ሰው «ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። እኔም ታሪኩን አወራለታለሁ። በአገራችን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለረጅም ጊዜ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ዓምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ገደብ ደፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ። ሌሎችም ተከተሉት። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ግን የሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋው፤ ዓምሃም አገር ለቆ ወጣ፤ ካሴት ገበያውን ወረሰ። ያ ሁሉ ሙዚቃ የታተመበት ዘመን ተደምሮ ከዐሥር ዓመት እምብዛም አይበልጥም። ታዲያ ከዚያ የተረፈውን መሰብሰብ እንደምን ሥራ ፈትነት ይባላል?

የሸክላ ተፈጥሮ ግን አስቸጋሪ ነው። ድምፁ የተቀመጠው እንደ ፀጉር በቀጠነ ቦይ ግድግዳ ላይ ነው፤ መርፌው በዚያ ቦይ በተመላለሰ ቁጥር ግድግዳውን በጥቂት በጥቂቱ ይፍቀዋል። ስለዚህ መስማት ማለት መጨረስ ማለት ነው። ሰብሳቢ ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይሰስታል።

ከሸክላዎቼ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት የጥላሁን ገሠሠ ሸክላ ነበረች። ልባሷ ያልተቀደደ፣ ፊቷ ያልተጫረ፤ ከገዛኋት ጀምሮ ያጫወትኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ቀን፣ የሰፈር ልጆች ሁሉ «እትዬ» የምንላቸው ጎረቤታችን ደጄን አንኳኩ። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል።

«ልጄ፣ ያቺ የጥላሁን ሸክላ አንተ ዘንድ አለች ሲሉ ሰማሁ» አሉኝ። «እኔና ባለቤቴ በተጋባን ሰሞን ገዝቶ ያመጣት እሷን ነበር። ቤት ስንቀይር ጠፋችብን። አንዴ ብታሰማኝ?»

«እትዬ፣ መርፌው ተሰብሮብኛል» አልኋቸው።

መርፌው አልተሰበረም ነበር። ለምን እንደዋሸሁ እኔም ወዲያው አልገባኝም። «ግድ የለም፤ ሲሠራልህ ትጠራኛለህ» ብለው፣ ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሳልጠራቸው ወራት አለፉ። ከዚያ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥሁ የልጅ ልጃቸው አጠገቤ መጥቶ፣ «አያቴ ሁልጊዜ የዚያ ልጅ መርፌ ተሠራለት ይሆን? ትል ነበር» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ራሴን ስሞግት ኖሬአለሁ። መቼም ሰው ለራሱ ጠበቃ አያጣም። ጠበቃዬ እንዲህ ይላል፦ «ዋናው የስቱዲዮ ቅጂ በጠፋበት ጊዜ ዘፈኑን ከሞት የሚያተርፈው በአንድ ሰው ቤት በጥንቃቄ የተቀመጠው ሸክላ ነው። አንተ ለትውልድ ነው የጠበቅኸው።» እውነትነት አለው። እንደ እኔ ያሉ ስስታሞች ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ድምፅ ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ይሁንና ያቺን ሸክላ ራሴ በኮምፒዩተር ቀድቼያታለሁ፤ ዘፈኑም ዛሬ በማንም ስልክ ላይ ይገኛል። እንግዲያው እትዬን የከለከልኋቸው ከምን ለመጠበቅ ነው? ዘፈኑ ከጥፋት ድኗል። እኔ የጠበቅሁት የመርፌ ጭረት ያላረፈባትን ፕላስቲክ፣ ከዚያም በላይ «የእኔ ናት» የማለትን ደስታ ነው። እሳቸውም በስልክ ሊሰሙት ይችሉ እንደነበር አላጣሁትም። የፈለጉት ግን ዘፈኑን ብቻ አልነበረም፤ ባለቤታቸው በእጁ ይዞ የገባውን ነገር ስትዞር ማየት ነበር። ያን ደግሞ በሰፈራችን ሊሰጣቸው የሚችል እኔ ብቻ ነበርሁ።

አርስቶትል ስለ ንብረት ሲጽፍ ጫማን ምሳሌ ያደርጋል፦ ጫማ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንዱ መጫማት፣ ሁለተኛው በሌላ ነገር መለወጥ። እኛ ሰብሳቢዎች ሦስተኛ ጨምረንበታል፦ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦ ማየት። የእኛ ቋንቋ ለዚህ ዕቃ የሰጠው ስም ራሱ ግን ይገስጸናል። ሸክላ የጀበናና የእንስራ ስም ነው። ይሰበራል ተብሎ ቡና ያልተፈላበት ጀበና፣ ለባለቤቱ ካልሆነ በቀር ለማን ጀበና ነው?

እኛ ዘንድ «ባለቤት» እና «ባለአደራ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። ሰብሳቢ ሁሉ ሲጠየቅ ባለአደራ ነኝ ይላል፤ እኔም ስል ነበር። ልዩነቱ የሚታወቀው ግን ሌላ ሰው መጥቶ ደጅ ያንኳኳ ዕለት ነው። ባለአደራ ጠያቂ ሲመጣ ይከፍታል፤ ጠያቂ የማያውቀው አደራ ያው ተደብቆ የተያዘ ንብረት ነው።

ዛሬ ደጄን አንኳኩቶ የጠየቀኝን ሁሉ አሰማለሁ። ሸክላዎቼም ያረጃሉ፤ አንዳንዶቹ መንጣጣት ጀምረዋል። ያቺን የጥላሁንን ሸክላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ከለቅሶው ወዲህ አላነሳኋትም። አሁን የማላጫውታት እንዳታልቅ ሰስቼ አይደለም። ድምፁ ሲወጣ፣ መርፌው ደኅና እንደነበር ግድግዳው ማዶ የሚሰማብኝ እየመሰለኝ ነው።