እንግዳ ሆኖ የመጣ ሕፃን አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ሱረቱል ከህፍን ገና ያልቀራችሁ ካላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ ይህ ጽሑፍ ይጠብቃችኋል።

ዛሬ ስለ አንድ እንግዳ እናወራለን። እንግዳው ሕፃን ነው። ከሩቅ አገር መጥቶ ለጥቂት ሳምንታት በማያውቀው ቤት ያድራል፤ ከዚያ ወደ እናቱና ወደ አባቱ ይመለሳል።

ሐምሌና ነሐሴ እኛ ዘንድ ክረምት ነው። ከአልጄሪያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከቲንዱፍ ከተማ አጠገብ ባለው በረሃ ግን በእነዚሁ ወራት ሙቀቱ እስከ 50 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ የምዕራብ ሳሃራ ስደተኞች ካምፖች አሉ። ስፔን እ.ኤ.አ. በ1975 እና 76 ያን ምድር ለቃ ስትወጣ በተነሣው ጦርነት የሸሹ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። ካምፖቻቸውን ጥለዋቸው በመጡት ከተሞች ስም ሰየሟቸው፦ ዐዩን፣ ስማራ፣ ዳኽላ፣ አውሰርድ፣ ቡጅዱር። ስሙ እንኳ «እንመለሳለን» የሚል ይመስላል። ግን 50 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በድንኳንና በጭቃ ቤት ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ እሱም ልጅ ወልዷል። የሚበላው በአብዛኛው በእርዳታ የሚመጣ ደረቅ እህል ነው። የደም ማነስ በሕፃናቱና በእናቶቹ ላይ የተለመደ ሆኗል።

ታዲያ ከብዙ ዓመታት ጀምሮ በስፔን «ዕረፍት በሰላም» የሚባል መርሐ ግብር አለ። ዕድሜያቸው ከ8 እስከ 12 የሚሆን ሕፃናት በየበጋው በአውሮፕላን ወደ ስፔን ይሄዳሉ፤ ሁለት ወር ያህል በፈቃደኛ ቤተሰቦች ቤት ይቀመጣሉ። ቤተሰቦቹ ክፍያ አይቀበሉም። የየአካባቢው ማኅበራትና ማዘጋጃ ቤቶች ለትኬቱ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ሕፃኑ እንደ ደረሰ ሐኪም ያየዋል፤ ዓይኑ፣ ጥርሱ፣ ደሙ ይመረመራል። ከዚያ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ባሕር፣ ጨዋታ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በዚህ መንገድ አልፈዋል። በኮሮና ምክንያት በ2020 እና በ2021 ተቋርጦ፣ በ2022 እንደገና ቀጠለ።

ይህ በስፔን ብቻ የታየ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ ከፈነዳ በኋላ የቤላሩስና የዩክሬን ሕፃናትን አየርላንድ፣ ጣሊያንና ጀርመን ውስጥ ያሉ ቤተሰቦች በየበጋው ያስተናግዱ ነበር። ንጹሕ አየርና ያልተበከለ ምግብ ለጥቂት ሳምንት እንኳ ቢሆን ለሕፃን አካል ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አንድ ጥያቄ ላንሣ። ስለዚህ ጉዳይ በተወራ ቁጥር ከወጣቶች የምሰማው ጥያቄ ነው። «ኡስታዝ፣ ልጅን የመዋኛ ገንዳ አሳይቶ ወደ ድንኳን መመለስ ጭካኔ አይደለም ወይ? ያላየውን አይናፍቅም ነበር።»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። መልሱን ግን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የልጅነት ታሪክ እንጀምር።

የመካ ሰዎች ጨቅላ ልጆቻቸውን ለጥቂት ዓመታት ወደ በረሃ፣ ወደ ገጠር ጎሳዎች የመላክ ልማድ ነበራቸው። አየሩ ንጹሕ ነው፤ ልጁ ይጠነክራል፤ አንደበቱም በጠራ ዐረብኛ ይፈታል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ወደ በኒ ሰዕድ ተላኩ። የሲራ መጻሕፍት እንደሚነግሩን፣ አጥቢ ሴቶች የቲም ነው ብለው ትተዋቸው ነበር፤ አባት ከሌለው ልጅ ምን ይገኛል በሚል። ሐሊማም መጀመሪያ አመንትታለች። በኋላ ግን ባዶ እጄን ከምመለስ ብላ ያንን የቲም ወሰደች። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤቷ የገባውን በረካ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አስተውሉ። የፍጥረታት ሁሉ በላጭ የሆኑት ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው በሌላ ሰው ቤት የኖሩ፣ ከዚያም ወደ እናታቸው የተመለሱ ሕፃን ነበሩ። የሳሃራ ሕፃናት ከበረሃ ወደ ከተማ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ከከተማ ወደ በረሃ ሄዱ። ምክንያቱ ግን አንድ ነው፦ የሕፃኑ ጤና። መመለሳቸው መሄዳቸውን ከንቱ አላደረገውም። ካደጉም በኋላ ሐሊማን አልረሱም፤ ስትመጣ ኩታቸውን አንጥፈው እንዳስቀመጧት ተዘግቧል።

ስለዚህ ለጥያቄው መልሴ እንዲህ ነው። ለሕፃኑ የተሠራለት መነጽር ወደ ካምፕ ሲመለስ ከዓይኑ ላይ አይወልቅም። የታከመው ጥርስ፣ የተሞላው ደም አብሮት ይሄዳል። ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከዓመት ዓመት ይደዋወላሉ፤ አንዳንዶቹም በረሃውን አቋርጠው የልጁን እናት ለመጠየቅ ይሄዳሉ። የሚልኩትም ወላጆቹ ናቸው፤ ለልጃቸው የሚበጀውን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ግን ጥያቄው አንድ እውነት ይዟል። የሁለት ወር ዕረፍት ፍትሕን አይተካም። ልጁን ገንዳ ውስጥ ስናስቅ፣ ለምን ድንኳን ውስጥ እንደ ተወለደ መርሳት የለብንም። እንግዳ ተቀባዩም ልጁን በአግባቡ ካልያዘው ዕረፍቱ በእርግጥ ጭካኔ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ ያለው አደቡ ላይ ነው።

አደቡን ከዲናችን በአምስት ነጥብ እንየው።

አንደኛ፦ ኒያ። በሱረቱል ኢንሳን አላህ ምግብን እየወደዱት ለድኻ፣ ለየቲምና ለምርኮኛ የሚያበሉ ባሮቹን ያወድሳል። እነሱ የሚያበሉት ለአላህ ፊት ብለው ነው፤ ከተቀባዩ ዋጋም ምስጋናም አይሹም። ሕፃን እንግዳ አንዳንዴ አያመሰግንም። ያለቅሳል፣ እናቱን ይናፍቃል፣ የሠራሽለትን ምግብ ገፍቶ ይነሣል። ምስጋና ፈልገሽ ከነበረ በሦስተኛው ቀን ይደክምሻል። ለአላህ ብለሽ ከሆነ ግን ያ ልቅሶ ራሱ አጅርሽ ነው።

ሁለተኛ፦ ስሙንና ዘሩን አትንካበት። ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) በልጅነቱ ተማርኮ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት አደገ። ከመውደዳቸው ብዛት ሰው «የሙሐመድ ልጅ» ይለው ነበር። በሱረቱል አሕዛብ ግን ልጆችን በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራ ትእዛዝ ወረደ፤ እሱም «የሓሪሳ ልጅ» ወደ መባል ተመለሰ። ፍቅሩ በዚህ አልቀነሰም። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ አንድን ልጅ መውደድ ከወላጁ መንጠቅ አይደለም። «እዚህ ብትቀር ይሻልህ ነበር» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። የድንኳኑን እናት በልጇ ልብ ውስጥ ትንሽ የሚያደርግ ቃል ነው።

ሦስተኛ፦ ቋንቋውን አክብርለት። ይህኛው እኛን ሐበሾችን በቀጥታ ይነካል። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰድደው ሳለ እዚህ የተወለደች ሕፃን ነበረች። ወደ መዲና ስትመጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ በእጃቸው አለበሷት፤ ከዚያም ጌጡን እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ውብ ነው ማለታቸው ነው። ታሪኩን ራሷ ናት የምትነግረን፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። በሌላ ዘገባ ደግሞ ከትከሻቸው መካከል ባለው የነቢይነት ማኅተም ልትጫወት ስትል አባቷ ተቆጣት፤ እሳቸው ግን ተዋት አሉት። ሱብሓነላህ! የአንድ ኡማ መሪ፣ የጦርና የሰላም ጉዳይ በጫንቃቸው ላይ እያለ፣ ለአንዲት ሕፃን ካደገችበት አገር አንድ ቃል ፈልገው አገኙላት። አዲስ አገር ለመጣ ልጅ የሚያውቀውን አንድ ቃል መስማት ከልብሱ ይበልጥ ያሞቀዋል። እንግዳ ልጅ ቤታችሁ ሲመጣ ከቋንቋው አምስት ቃል ተማሩ።

አራተኛ፦ ስልካችሁን አስቀምጡ። ሱረቱል በቀራህ ሶደቃችንን በመመጻደቅና በማስቀየም እንዳናበላሽ ያስጠነቅቀናል፤ ደግ ንግግር ማስቀየም ከሚከተለው ሶደቃ እንደሚበልጥም ይነግረናል። ዛሬ መመጻደቅ ሌላ መልክ ይዟል። ሕፃኑ አዲስ ጫማ ሲለብስ ይቀረጻል፣ ሙዚቃ ይገባበታል፣ ይለጠፋል፣ ላይክ ይቆጠራል። ያ ሕፃን ነገ የ20 ዓመት ጎረምሳ ይሆናል። «ድኻው ልጅ» ተብሎ የተለጠፈበትን ምስል ሲያገኝ ምን ይሰማዋል? የራሳችሁ ታናሽ ወንድም ቢሆን ትለጥፉት ነበር?

አምስተኛ፦ አማናውን እንደ ተቀበላችሁት መልሱ። ሐሊማ ሁለት ዓመት ሲሞላ ልጁን ወደ እናቱ ወደ አሚና አመጣች። መለየት አልፈለገችም። ቢሆንም አልደበቀችም፤ ለምና አስፈቅዳ ነው እንደገና የወሰደችው። የልጅ ባለቤት አይደለንም። እንግዲህ ሕፃን ማስተናገድ የሚፈልግ ሰው በሕጋዊ መንገድ፣ በወላጅ ፈቃድ፣ ቤቱ ተጣርቶ፣ ለጠያቂ በሩ ክፍት ሆኖ መሆን አለበት። «እኔ አላህን የምፈራ ነኝ፣ ለምን እጣራለሁ?» የሚል ካለ፣ አላህን የሚፈራ ሰው መጣራትን አይጠላም። ሕፃን በደል ቢደርስበት ለመናገር አቅም የለውም፤ ማጣራቱ ለእሱ አጥር ነው።

ወደ እምነት ጉዳይ ልለፍ። «የሙስሊም ልጅ ሙስሊም ባልሆነ ቤት ሁለት ወር ሲቀመጥስ?» ትሉ ይሆናል። ስጋቱ ይገባኛል። የልጁን እምነት፣ ምግቡንና ሶላቱን ማክበር የእንግዳ ተቀባዩ ግዴታ ነው፤ ወላጆችም ይህን የመጠየቅ መብት አላቸው። ግን ፍትሐዊ እንሁን። አላህ በሱረቱል ሙምተሒናህ በሃይማኖት ጉዳይ ላልተዋጉንና ከቤታችን ላላስወጡን ሰዎች በጎ ከመዋልና ፍትሐዊ ከመሆን አይከለክለንም፤ ፍትሐዊዎችንም እንደሚወድ ይነግረናል። ለሙስሊም ሕፃን ቤቱን የከፈተ ሰው ምስጋና ይገባዋል። የኡሙ ኻሊድ ወላጆችም የተጠለሉት በፍትሕ የታወቀ ክርስቲያን ንጉሥ አገር ነበር፤ ነጃሺን ለደግነቱ እስከ ዛሬ እናወሳዋለን።

መስፈሪያው ለእኛም ያው ነው። ነገ ሙስሊም ያልሆነ ልጅ ቤታችሁ ቢገባ፣ በመልካም ጠባያችሁ ኢስላምን ይይ፤ በተራበ ሆዱ በኩል ግን ልቡን አትግዙት። በዲን ማስገደድ የለም። የወላጆቹን አደራ መጠበቅ ራሱ ዳዕዋ ነው።

«ኡስታዝ፣ እኛ ከውጭ አገር ልጅ ለማስመጣት ምን አቅም አለን?» አትበሉኝ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገር ያላችሁ፣ በምትኖሩበት ሕግ የተፈቀደ መንገድ ካለ ጠይቁ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ልጁን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልጋችሁም፤ መጥቷል። ከየመን፣ ከሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የተሰደዱ ልጆች በመስጂዳችሁ ሰፈር አሉ። በክረምት ትምህርት ሲዘጋ ቀኑን የት ያሳልፋሉ? በወላጆቻቸው ፈቃድ አንድ ቅዳሜ ከቤተሰባችሁ ጋር ይብሉ። አማርኛ አስተምሯቸው፤ እናንተም ዐረብኛቸውን አስተካክሉበት። የሕክምና ተማሪዎች፣ ዓይናቸውን የሚመረምር ሐኪም ፈልጉላቸው። አንዱ ኳስ ይግዛ።

ይህ ለእኛ አዲስ ነገርም አይደለም። ወሎ ውስጥ ለቂርኣት የወጣ ደረሳ ከየትም ይምጣ ከየት፣ የመንደሩ ሰው ያበላው ነበር። እኔ በቀራሁበት መንደር አንዲት እናት ከራሷ ስድስት ልጆች ሌላ ለሁለት ደረሳዎች ማታ ማታ ታቀርብ ነበር። ምግቡ ቂጣና ሽሮ ነው። አንድም ቀን «በቃኝ» ስትል አልሰማንም። ከእነዚያ ደረሳዎች አንዱ ዛሬ ሌሎችን ያስቀራል።

የአንሷሩን ቤት አስታውሱ። የተራበ እንግዳ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ፤ በቤቶቻቸው ከውኃ በቀር አልተገኘም። አንድ አንሷር ወሰደው። ቤቱ የነበረው የልጆቹ እራት ብቻ ነው። ሚስቱ ልጆቹን አስተኛች፣ መብራቱን አጠፋች፤ ባልና ሚስት በጨለማ የሚበሉ መስለው እንግዳው ጠገበ። በማግስቱ አላህ በሥራቸው መደሰቱን ነቢዩ ነገሯቸው። በሱረቱል ሐሽር ራሳቸው ተቸግረው ሌላውን ስለሚያስቀድሙት የተነገረው በእነሱ ጉዳይ ወረደ። እዚያ ቤት ካሜራ አልነበረም። መብራት እንኳ አልነበረም። ያየው አላህ ብቻ ነው።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ በሰፈራችሁ ያለ አንድ ስደተኛ ልጅ ስሙ ማን እንደሆነ እወቁ። ከነአባቱ ስም።

አላህ ሆይ! በበረሃም በከተማም ያሉ ስደተኛ ሕፃናትን ጠብቅልን። ወደ ቤታቸው በሰላም የሚመለሱበትን ቀን አቅርብልን። ቤታችንን ለእንግዳ የሰፋ፣ ኒያችንን ላንተ የጠራ አድርግልን። የሰጠኸንን አማና ሳናጎድል የምንመልስ አድርገን። አሚን።

ወሰለላሁ ዐላ ነቢዪና ሙሐመድ ወዐላ ኣሊሂ ወሰሕቢሂ ወሰለም።