የፀሐይ ጥላና የበዓል ቀን

በምኖርባት በኩየራ የቀትር ጥላ በዓመት ሁለት ጊዜ ከእግር ሥር ይገባል፤ መጋቢት ሲያልቅና ነሐሴ ሊወጣ ሲል። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል፤ እኔ የምጠብቀው የመጋቢቱን ነው። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሜትር ብረት በቱንቢ አቁሜ፣ ዙሪያውን በውሃ ልክ ሲሚንቶ አስደርጌበታለሁ። ሰዓቴ ስድስት ሲል ቀትር ገና ነው። የአገሪቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ካለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ እዚህ አናት ላይ የምትደርሰው ስድስት ተኩል ገደማ ነው።

«ቀኑ ዛሬ ነው» ብሎ መቁረጥ ግን ከባድ ነው። የቀትሩ ጥላ በአንድ ቀን የሚሸሸው 1.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ፀሐይ ክብ ስለሆነች ደግሞ የጥላው ጫፍ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይደበዝዛል። ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ስትሆን ልኩ እንደገና ይንሸራተታል። እንደ ገና ያለ በዓልን በጥላ ማሳየት ደግሞ ይብሳል፤ ታኅሣሥ 29 ላይ የቀን ልዩነቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ሰው ሰዓቱን ሲቀይርም ልኩ ይዛነፋል። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለው የጦር መታሰቢያ በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ከረፋዱ አምስት ሰዓት የፀሐይ ጨረር በውስጡ ባለ ድንጋይ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ተሠራ። ኋላ አገሩ በበጋ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ሲገፋ ጨረሩ ዘገየ፤ አሁን በመስተዋት ያመጡታል። ፀሐይዋ ምንም አላጠፋችም።

በእኛም ቤተ ክርስቲያን የዘመን ማስያው ባሕረ ሐሳብ ፋሲካን ሲያሰላ ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበትን ዕለት መጋቢት 25 ላይ አጽንቶ ነው። በሰማይ ግን ያ ዕለት ዛሬ መጋቢት 11 አካባቢ ይውላል። ዓመታችን ከፀሐይ ዓመት በ11 ደቂቃ ገደማ ስለሚረዝም በ128 ዓመት አንድ ቀን ይጠራቀማል። ይህን የሰሙ ወጣቶች «እንግዲያ የምናከብረው ስሕተት ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። አይደለም እላለሁ። አድቬንቲስት ጎረቤቶቼ ሰንበትን የሚቀበሉት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ እዚያ የምትጠየቀው ፀሐይ ራሷ ናት። ፋሲካ ግን ከአክሱም እስከ ኩየራ ምእመኑ በአንድ ሌሊት አብሮ እንዲቆም በአባቶች ቃል የታሰረ ቀን ነው፤ የሚጸናው በዚያ ቃል ነው። ሰማዩ ይመሰክርልናል ማለትን ግን መተው አለብን፤ እምነት ሐሰተኛ ምስክር አይፈልግም።

በቤተ ክርስቲያን ግቢ የበዓል ቀን በጥላ የሚያሳይ ዘንግ ለመትከል የምታስቡ ካላችሁ፣ ትከሉ። ከበዓሉ ስም ጎን ግን የተሠራበትን ዓመትና ስንት ቀን ሊዛነፍ እንደሚችል ድንጋዩ ላይ አስቀርጹ።