ጥርሷ በረዶ አይደለም

ፍኖተ ሰላም ካፌ ቁጭ ብዬ ቡሬ ላለችው ለምወዳት ልጅ በቴሌግራም ጻፍኩላት። ዓይኗን ብር አሎሎ፣ አንገቷን ብርሌ፣ ጥርሷን በረዶ አደረግኩት። ትንሽ ቆይታ መለሰች፦ «ይቺ ደግሞ የቷ ናት? የኔ የፊት ጥርስ እኮ የተሸረፈ ነው።»

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ለሺህ ደንበኛ አንድ መልዕክት እንጽፍና የስሙን ቦታ ክፍት እንተዋለን፤ ኮዱ ይሞላዋል። የላክሁላት ነገርም ያው ነበር። ስሟን አውጥታችሁ የጎረቤቷን ብታስገቡበት ምንም አይጎድለውም።

የሼክስፒር ሶኔቶች በ1609 ታትመዋል። 130ኛው፣ ዓይንን በፀሐይ ጉንጭን በጽጌረዳ የመመሰልን ልማድ ያሾፍበታል፤ የሱ ሴት ተራ ሰው ናት፣ እንዲያም ሆኖ ይወዳታል። (18ኛው ደግሞ የሚወደውን ሰው ከእንግሊዝ «ሰመር» ጋር ያነጻጽራል። እኛ ሰመርን ክረምት ብለን ነው የተማርነው። ጎጃም ውስጥ ልጅቷን ክረምት ነሽ ብትሏት ጭቃ ነሽ እንዳላችኋት ነው።) 130ኛውን ሳነብ፣ በቃ እውነተኛ ፍቅር ይሄ ነው አልኩ።

ቆይቶ ግን ከነከነኝ። ሴትየዋ እዚያ ግጥም ውስጥ አንድ ቃል አትተነፍስም። ጉድለቷን ለዓለም ያነበበው እሱ ነው፣ ሐቀኛ የተባለውም እሱ። እሷን ማን ጠየቃት?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታልፋላችሁ። የበዛብህ አገር ናት። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተቀራረቡት እሱ አስተማሪ፣ እሷ ተማሪ ሆነው ነው። በዛብህ የቤተ ክህነት ተማሪ ነው፤ ሰምና ወርቅ አይቸግረውም። የቸገራቸው የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ቆጠራና ወላጆቹ የተሳሉት ብፅዓት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ያ የትምህርት ሰዓት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በየቀኑ፣ አንዱ ሌላውን ለማየት ጊዜ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ሰው የሚወደውን በጨረቃ ቢመስል ዋሸ አልለውም። እኔ ግን በረዶ ብዬ ስጽፍ ጥርሷን አላሰብኩትም ነበር።

ስለዚህ እንደገና ጻፍኩ። ስትስቂ መጀመሪያ የማየው ያቺን የተሸረፈች ጥርስሽን ነው፣ እሷ ካልታየችኝ የሳቅሽ አይመስለኝም አልኳት። ይሄኛው እውነት ነበር፤ ለሌላ ሴት ሊላክ አይችልም።

ሁለት ቀን ዝም አለች። ከዚያ «እሺ፣ አስሞላዋለሁ» ብላ ላከች።

እሁድ ቡሬ ሄድኩ። ሻይ እየጠጣን «አታስሞዪው፣ እወደዋለሁ» አልኳት።

«አንተ ትወደው ይሆናል» አለች። «እኔ እኮ ነኝ ይዤው የምዞረው።»

የምመልሰው ጠፋኝ። አስተናጋጁ የሆነ ቀልድ ጣል አደረገና ሁለታችንም ሳቅን። እሷ አፏን በእጇ ሸፍና ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።