የጣት ዕውቀት

ሰው ሥራውን ለማፋጠን ሲል በመማር የሚያጠፋው ጊዜ ትርፍ ይባላል ወይስ ኪሳራ? ጥያቄው በሸማኔና በአናጢ ዘንድ የቆየ ነው፤ ለእኔ ግን ያነሣብኝ በጅጅጋ ከማስተምራቸው የኮምፒዩተር ተማሪዎች አንዱ ነው። «መምህር፥ ይህን ሁሉ ትእዛዝ በቃሌ ከማጠና በማውዝ እየጠቆምሁ ብሠራ ምን ይጎድልብኛል?» አለኝ። መልሱ በእጄ ያለ መስሎኝ አፌን ከፈትሁ፤ ነገር ግን የነበረኝ መልስ ለራሴም የማያጠግብ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች የሚገለገሉበት ቪም የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ አለ። ጠባዩ ከሌሎቹ ልዩ ነው፤ በተከፈተ ጊዜ ፊደል ቢነኩበት ይታዘዛል እንጂ አይጽፍም። ዲ የሚባለውን ፊደል ሁለት ጊዜ ቢጫኑ አንድ ሙሉ መሥመር ይሰረዛል፤ 5 ቍጥርን ቢያስቀድሙለት አምስት መሥመር ይሰረዛል፤ ከዲ ቀጥሎ ደብልዩን ቢጫኑ አንድ ቃል ይጠፋል፤ ነጥብ ቢጫኑ የመጨረሻው ለውጥ ይደገማል። ለመጻፍ የፈለገ ሰው አይ የሚባለውን ፊደል ይነካል፤ ጽፎም ሲጨርስ ኢስኬፕ በሚባለው ቍልፍ ወደ ትእዛዙ ይመለሳል። ጀማሪ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት በጨለማ ቤት እንደ ገባ እንግዳ ይዳብሳል። መውጫው ጠፍቶበት ኮምፒዩተሩን ከነሥራው ያጠፋ ሰው አውቃለሁ፤ ያም ሰው እኔ ነበርሁ።

ይህ አሠራር ሰውን ለማስቸገር ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። የቪም አባት የሆነውን ቪአይ የተባለውን ማዘጋጃ የጻፈው ቢል ጆይ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1976 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው። በዚያን ጊዜ ከቤቱ ሆኖ በስልክ መሥመር ይሠራ ነበር። መሥመሩም በሴኮንድ 30 ፊደል ያህል ብቻ ያሳልፍ ስለ ነበር፥ እያንዳንዱ 80 ፊደል የሚይዝ 24 መሥመር ያለው አንድ ገጽ እስኪሞላ ድረስ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይጠበቅ ነበር። ስለዚህ ትእዛዙ ሁሉ አጭር መሆን ነበረበት። ወደ ግራ፥ ወደ ታች፥ ወደ ላይና ወደ ቀኝ መሄጃዎቹ ኤች፥ ጄ፥ ኬ እና ኤል የሆኑበትም ምክንያት እርሱ በሠራበት ኪቦርድ ላይ ቀስቶቹ በነዚሁ ፊደሎች ላይ ተስለው ስለ ነበር ነው። ኋላም በ1991 ብራም ሞለናር የተባለ ሆላንዳዊ ቪምን ለሕዝብ አወጣ። እርሱም በዩጋንዳ በኪባሌ ከሠራ በኋላ፥ ለፕሮግራሙ ዋጋ በመጠየቅ ፈንታ ተጠቃሚዎቹ የዚያን አገር ችግረኛ ልጆች እንዲረዱ ለመነ፤ በ2023 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ፕሮግራሙ ሲከፈት ይህ ልመና ከፊት ይታይ ነበር። እንግዲህ ቀጭን መሥመር የወለደው መሣሪያ፥ ኔትወርክ በሚያንገራግርበት ቀን ከጅጅጋ ሆኖ በሩቅ አገር ያለ ኮምፒዩተር ለሚያዝ ተማሪ ባዕድ ሊሆን አይችልም።

ይሁን እንጂ ይህ የመሣሪያውን ታሪክ ያስረዳል እንጂ የተማሪውን ጥያቄ አይመልስም። በሂሳብ እንየው። አንዱ አጭር ትእዛዝ ሦስት ሴኮንድ ያድናል፥ በቀንም መቶ ጊዜ ይሠራበታል ብንል የሚገኘው ትርፍ አምስት ደቂቃ ነው። ትምህርቱ ሃያ ሰዓት ቢፈጅ፥ ያ የተበደርነው ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቀው በ240 የሥራ ቀን ነው። አንድ ሙሉ የሥራ ዓመት መሆኑ ነው! ኮምፒዩተሩን ከጓደኞቹ ጋር በተራ ለሚጠቀምና መብራት ሲጠፋ ተራው ለሚያልፍበት ተማሪ ይህ ብድር ቀላል አይደለም። ስለ ደቂቃ ብቻ የሚከራከር ሰው በዚህ ሂሳብ ይረታል።

ትርፉ ግን በደቂቃ የሚቈጠር አይመስለኝም። በጠረፉ ከተማ በቶጎ ውጫሌ ገበያ የምትነግደውን ሴት ተመልከቱ። ከድንበሩ ማዶ በሶማሌላንድ በ2009 ዛድ የተባለው የሞባይል ገንዘብ ከተጀመረ ወዲህ፥ በእኛም አገር በ2021 ቴሌብር ከመጣ ወዲህ፥ ገንዘብ በቍጥር ትእዛዝ መላክ የተለመደ ሆኗል። ኮከብ፥ 127፥ መሰላል ብላ ስትነካ ጣቷን አታይም፤ ዐይኗ ከደንበኛዋ ፊት ላይ ነው። ይከፍላል ወይስ ይሸሻል? ዋጋው በዝቶበታል ወይስ ለማስመሰል ነው? የጣት ዕውቀት ለዚህች ሴት የሰጣት ነፃ የሆነ ዐይን ነው። ፕሮግራም የሚጽፈውም ሰው ቢሆን «ይህን መሥመር ወዴት ልውሰደው?» ብሎ ሲያስብ ማውዙን ፍለጋ እጁ ከወጣ፥ አሳቡም አብሮት ይወጣል። ጣቱ ያወቀ እንደ ሆነ ግን ልቡ ከነገሩ ጋር ይቈያል። (በአማርኛ ፊደል ላይ እንዳለን ጄን ብንጫን «ጅ» እያለ ትእዛዙን እንቢ የሚለን መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው፤ ማዘጋጃው ለመጻፊያና ለማዘዣ የተለያየ ፊደል እንዲይዝ ማድረግ ቢቻልም፥ ይህንኑ ለማወቅ ሌላ ማታ ያስፈልጋል።)

ይህን መልስ ለተማሪው ሰጥቼው ቢሆን ኖሮ ደስ ብሎት ይሄድ ነበር። ያልሰጠሁት በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ትዝ ስላለኝ ነው።

ቀድሞ እሠራበት በነበረ ቤት የተማሪዎችን ስም ዝርዝር የሚጽፉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም «አደር» እንላቸዋለን፤ በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። በሁለት ጣት ነበር የሚጽፉት። በሶማልኛው የላቲን ጽሕፈት የ«ሐ» ድምፅ የሚጻፈው በኤክስ ፊደል ነው፤ አንዳንዱ ተማሪ ግን ስሙን በእንግሊዝኛው ልማድ በኤች ይጽፋል። ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ይሁን በተባለ ጊዜ አደር እያንዳንዱን ስም ከተማሪው ወረቀት ጋር እያስተያዩ ሦስት ቀን ቈዩ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀና «አደር፥ ይነሡ፤ ላሳይዎ» ብዬ በቦታቸው ተቀመጥሁ። ኤክሱን ሁሉ በኤች የሚለውጥ አንድ መሥመር ጻፍሁ፤ በቅጽበትም ከአራት መቶ በላይ ቦታ ተለወጠ። ከዚያም ያለ ኀፍረት ወደ እሳቸው ዞሬ ፈገግ አልሁ። እሳቸውም «ወላል፥ ጎበዝ ነህ» ብለውኝ ሻያቸውን ሊጠጡ ወጡ።

ዝርዝሩ ታተመ፤ ተላከም። በሳምንቱ ተማሪዎች መጡ፤ በመታወቂያቸው ያለው ስምና በዝርዝሩ ያለው ስም አልገጠመም። አንዲት ልጅ ሰው እንደ ሌላት ተቈጥራ ከሄደችበት ቦታ ተመልሳ ነበር። ስሟን በኤክስ የጻፉላት አባቷ ነበሩ፥ እኔ ግን ጠፍንጌ ወስጄባታለሁ። በቪም ውስጥ ዩ የሚባለውን ፊደል ቢጫኑ የተሠራው ሁሉ ይመለሳል፤ የታተመው ወረቀት ግን ዩ አያውቅም። አደር ሳይቈጡኝ የቀድሞውን ወረቀት ከመሳቢያቸው አወጡና ከመጀመሪያው ስም ጀመሩ። ለካ ሦስቱን ቀን የፈጁት በጣታቸው ዝግታ አልነበረም። ስሙን ሲያነቡ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ከአውበሬ ይምጣ ከሽኒሌ ያስታውሱ ነበር። እጄ ነፃ ያወጣውን ዐይን እኔ ያዋልሁት በማን ላይ ነበር? በስሞቹ ላይ ሳይሆን በራሴ ፍጥነት ላይ ነበር።

ስለዚህ ለተማሪው «ተማር» አልሁት፤ ብድሩ ትልቅ እንደ ሆነና ትርፉ በደቂቃ እንደማይመለስም ነገርሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ከአሥር ትእዛዝ በላይ እንዳይዝ፥ ማውዙንም እንዳይጥል መከርሁት። የስሙን ዝርዝር ታሪክም ሳልሸሽግ አጫወትሁት።

ከዚያም አንድ ነገር አሳየሁት። በዚያው በመለወጫው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ሲ የሚባለው ፊደል ቢጨመር፥ ማዘጋጃው ሁሉን በአንድ ጊዜ መለወጡን ይተዋል፤ በያንዳንዱ ቦታ ላይ ቆሞ «ልለውጥ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ፊደል በዚያን ቀንም አውቀው ነበር፤ የዘገምተኞች ነው ብዬ ንቄው ነበር እንጂ። ዝርዝሩን ዳግመኛ ስንሠራ አደር ከጎኔ ተቀመጡ። እኔ ጣቴን በቍልፉ ላይ አድርጌ ስሙን አነብባለሁ፤ እሳቸው ወረቀቱን አይተው «አዎ» ወይም «ተወው» ይላሉ። ከቀትር በኋላ ተጀምሮ ሲመሽ አለቀ።